የተነገረ ዋጋ እስከ መቼ ይጸናል?

ገበያ ከዕቃና ከገንዘብ በፊት በቃል የቆመ ነው። ሻጭ «በዚህ ያህል እሰጥሃለሁ» ሲል፣ ገዥም «እሺ፣ እወስዳለሁ» ብሎ ሲመልስ፣ ዕቃው ገና ከባለቤቱ እጅ ሳይወጣ፣ ገንዘቡም ከገዥው ኪስ ሳይነካ፣ በሁለቱ መካከል የማይታይ ማሰሪያ ይፈጠራል። አበው «በሬ በቀንዱ፣ ሰው በአንደበቱ ይያዛል» ያሉት ይህን ሲገልጹ ነው። ይሁን እንጂ በሬው የሚታሰርበት ገመድ ርዝመቱ የታወቀ ነው፤ የቃል ገመድ ግን እስከ ምን ድረስ ይረዝማል? ዛሬ የተነገረ ዋጋ ለነገ ይሠራልን? ለሳምንትስ? ለወርስ? ገዥው ገንዘቡን ይዞ እስኪመጣ ድረስ ሻጩ ምን ያህል ጊዜ ሊጠብቀው ይገባል?

ይህ ጥያቄ በእህልና በከብት፣ በቤትና በመኪና ንግድ ዘወትር ይነሣል። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ጥርት ብሎ የሚታየው በትንሽ ዕቃ ላይ ነው። ወጣቶች እየሰበሰቡ የሚለዋወጧቸውና የሚሸጧቸው የሥዕል ካርዶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። ካርዱ ከመዳፍ አይበልጥም፤ ዋጋው ግን በአንድ ሌሊት ሊለወጥ ይችላል። ደረሰኝ የለውም፤ ምስክርም አይጠራበትም። ሻጩና ገዥው ያላቸው ቃላቸው ብቻ ነው።

ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ የሚገኘውን ኢምባካሲን እንመልከት። ኢምባካሲ የኬንያ ዋና የአየር በር ነው። አውሮፕላን ማረፊያው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲከፈት በሰፈሩ ስም ይጠራ ነበር፤ የጆሞ ኬንያታን ስም የያዘው በ1978 ነው። ከሞምባሳ ወደብ የሚመጡ ኮንቴይነሮች የሚራገፉበት ደረቅ ወደብም ከ1984 ጀምሮ በዚሁ ሰፈር ይገኛል። ስለዚህ ከነዋሪው መካከል በመጋዘን፣ በፋብሪካ፣ በጭነትና በጥበቃ ሥራ የሚተዳደረው ብዙ ነው። አንዳንዱ የቀን ሥራውን ዋጋ ማታ ይቀበላል፤ ሌላው የወሩን መጨረሻ ይጠብቃል። ለእንዲህ ያለው ሰው የመግዛት ፍላጎትና የመግዛት አቅም በአንድ ቀን አይገናኙም። ዕቃውን ዛሬ ያያል፤ ገንዘቡን የሚያገኘው ከቀናት በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ የሚሞላው የሻጩ ቃል ነው።

እንግዲህ በዚህ ሰፈር የሚኖሩ ሁለት ወጣቶች ሲገበያዩ እናስብ። አንደኛው የታወቀ የእግር ኳስ ተጫዋች ምስል ያለበት፣ በቀላሉ የማይገኝ ካርድ አለው። ሁለተኛው በመጋዘን ጭነት እያወረደ የሚኖር ሲሆን፣ የካርዶቹን ስብስብ ለመሙላት የቀረው ይኸው አንድ ካርድ ብቻ ነው። ረቡዕ ዕለት በ3,000 ሽልንግ ይስማማሉ። ገዥው «ደመወዜን ዓርብ እቀበላለሁ፤ እስከዚያ አቆይልኝ» ይላል፤ ሻጩም «እሺ፣ እስከ ዓርብ ያንተ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሐሙስ ዕለት ሦስተኛ ሰው ይመጣና 5,000 ሽልንግ ከእጁ አውጥቶ ያሳየዋል። ሻጩ ምን ማድረግ አለበት?

ለ2,000 ሽልንግ ልዩነት ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ካርድ የሚሰበስብ ሰው የሚከፍለው ለወረቀቱ አይደለም። በጣሊያን አገር በሞዴና ከተማ የፓኒኒ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1961 የኳስ ተጫዋቾችን ሥዕል እያሳተሙ መሸጥ ሲጀምሩ፣ በ1970 ደግሞ ለሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ አልበም ሲያዘጋጁ፣ የልጆችን ልብ የሳበው ከታሸገው ፖስታ ውስጥ የትኛው ሥዕል እንደሚወጣ አለመታወቁ ነበር። አንዱ ልጅ ሁለት የደረሰውን ሌላው ፈጽሞ አያገኘውም፤ ስለዚህ መለዋወጥ ግድ ሆነ። በኢትዮጵያ ልጆች ብይና ቆርኪ ሲሰበስቡ፣ ትልልቆችም እ.ኤ.አ. በ1894 ከታተሙት ከመጀመሪያዎቹ የምኒልክ ቴምብሮች ጀምሮ ያሉትን ሲያሰባስቡ የሚታየው ፍላጎት ከዚህ የተለየ አይደለም። የጎደለው አንዱ ካለው መቶ ይልቅ ያጓጓል።

የካርድ ዋጋም እንደሌላው ሸቀጥ ወጪውን ተከትሎ አይተመንም። ዋጋውን የሚወስኑት ብርቅነቱና የፈላጊው ብዛት ናቸው። ሚኪ ማንትል የተባለው አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች ምስል ያለበት፣ በ1952 የታተመ አንድ ካርድ እ.ኤ.አ. በ1991 በ50,000 ዶላር ተሸጦ ነበር። ያው ካርድ በ2022 ለጨረታ ሲቀርብ 12.6 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። እርግጥ ነው፣ ይህን የመሰለ ዕድል ከእልፍ ካርዶች ለአንዱም አይገጥምም። ሆኖም በትንሹም ገበያ ቢሆን አንድ ተጫዋች በአንድ ምሽት ሦስት ግብ ቢያገባ በማግሥቱ የካርዱ ፈላጊ ይበዛል፤ እግሩ ቢሰበር ደግሞ ፈላጊው ይቀንሳል። እንግዲህ የሻጩን ቃል የሚፈትነው ይህ የዋጋ መዋዠቅ ነው።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ለሻጩ የሚያደላ ነው። «ገንዘብ ያልተከፈለበት ዕቃ የባለቤቱ ነው። ገዥው አንድ ሽልንግ እንኳ ሳያስይዝ ዕቃውን ለሁለት ቀን ማሰር ቻለ፤ ዓርብ ዕለት ሐሳቡን ቢለውጥስ ማን ይጠይቀዋል? ሻጩ የያዘውን ገበያ ለቅቆ፣ የሚመጣውን ገበያ አጥቶ፣ ባዶ እጁን ይቀራል» ይላሉ የዚህ ሐሳብ ደጋፊዎች። ይህ አባባል ውሸት ነው ማለት አይቻልም። በአንድ ጊዜ ለአምስት ሻጮች «አቆይልኝ» ብሎ፣ ከአምስቱ ርካሹን መርጦ፣ ለቀሩት አራቱ ወሬውን እንኳ ሳያደርስ የሚጠፋ ገዥ በየገበያው አለ።

ሁለተኛው አስተያየት ለገዥው ያደላል። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እንዲሉ፣ አንድ ጊዜ የተነገረ ዋጋ ምንም ቢመጣ መታጠፍ የለበትም፤ ሻጩም ገዥው እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ ግዴታው ነው የሚል ነው። ይህም ቢሆን ለቃል ከፍ ያለ ክብር ከመስጠት የመነጨ ስለሆነ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ዳር ድንበር የሌለው ጥበቃ ሻጩን ባሪያ ያደርገዋል። የዛሬ ስድስት ወር በተነገረ ዋጋ ዛሬ መጥቶ «አምጣ» የሚል ገዥ ቃል ጠባቂ ነው ሊባል አይችልም። እርሱ በሌላ ሰው ቃል ላይ የተኛ ሰው ነው።

ሕግ አውጪዎችም ይህን ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሲመረምሩት ኖረዋል፤ የደረሱበትም መልስ ከአገር አገር ይለያያል። ስለ ዓርብ ቀጠሮ ከተነሡት ክርክሮች ሁሉ በእጅጉ የታወቀው በእንግሊዝ አገር የተፈጸመ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1874፣ በዕለተ ረቡዕ፣ ዶድስ የተባለ ሰው ቤቱን ለዲኪንሰን በ800 ፓውንድ ሊሸጥለት እንደሚፈቅድ በጽሑፍ ገለጸለት፤ ሐሳቡም እስከ ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ክፍት ሆኖ እንደሚቆይ ጨመረበት። ዲኪንሰን ግን ሐሙስ ዕለት ቤቱ ለሌላ ሰው እየተሰጠ መሆኑን ከሰው ሰማ። ተቻኩሎ መቀበሉን አስታወቀ፤ ዓርብ ጠዋትም ከተባለው ሰዓት በፊት ሻጩን አግኝቶ ነገረው፤ የተሰጠው መልስ «ዘግይተሃል» የሚል ሆነ። ጉዳዩ እስከ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደርሶ በ1876 ሲወሰን፣ ዳኞቹ ለሻጩ ፈረዱ። ምክንያታቸውም ገዥው ሐሳቡን ገና ስላልተቀበለና ሻጩ እስከ ዓርብ እንዲቆይለት ምንም ዋጋ ስላልከፈለበት፣ የማቆየቱ ቃል በሕግ አያስገድድም የሚል ነበር።

ኬንያ በውል ረገድ የእንግሊዝን ሕግ መሠረት ያደረገች አገር በመሆኗ ይህ አስተሳሰብ በኢምባካሲም ይሠራል። በምሳሌው ያሉት ሁለቱ ወጣቶች ከዶድስና ከዲኪንሰን የሚለዩት ረቡዕ ዕለት ሁለቱም ወገኖች «እሺ» ተባብለው በመለያየታቸው ነው። ዲኪንሰን ያን ዕለት የቀረበለትን ሐሳብ ሰማ እንጂ አልተቀበለም ነበር፤ የኢምባካሲው ወጣት ግን ተቀብሏል። ይህም ሆኖ የኬንያ የዕቃ ሽያጭ ሕግ ዋጋው 200 ሽልንግና ከዚያ በላይ የሆነ ሽያጭ በፍርድ ቤት ሊጠየቅበት የሚችለው፣ ገዥው ከዕቃው ከፊሉን ሲረከብ፣ ወይም ቀብድ ወይም ከፊል ክፍያ ሲሰጥ፣ ወይም ስምምነቱ በጽሑፍ ሰፍሮ ሲፈረምበት እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ የ3,000 ሽልንጉ ስምምነት በአፍ ብቻ ከቀረ ገዥው በዳኛ ፊት የሚይዘው ጨብጥ የለውም።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ነጥብ ላይ የተለየ መንገድ መርጧል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1690 ላይ፣ አንድ ሰው ውል ለመዋዋል ሐሳብ አቅርቦ የመቀበያ ጊዜ የወሰነ እንደሆነ፣ ያ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ በሐሳቡ ይገደዳል ይላል። ዶድስ ቤቱን በአዲስ አበባ የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ እስከ ዓርብ ሦስት ሰዓት ድረስ በቃሉ ይታሰር ነበር ማለት ነው። ጊዜ ሳይወሰን የቀረበ ሐሳብ ደግሞ፣ በቁጥር 1691 መሠረት፣ ሌላው ወገን አስቦ ለመወሰን የሚበቃው ተገቢ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ አቅራቢውን ያስገድደዋል። በአሜሪካም የንግድ ሕግ አንድ ነጋዴ ዋጋውን እንደሚያጸና በጽሑፍ ገልጾ ከፈረመ፣ ገዥው ምንም ባይከፍልበትም፣ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ሊያጥፈው አይችልም፤ ነገር ግን ይህ ግዴታ ከሦስት ወር አይበልጥም። እንግዲህ ከነዚህ ሕጎች አንዱም ሻጩ ለዘለዓለም ይጠብቅ አይልም፤ ልዩነታቸው ገደቡን በሚያስቀምጡበት ቦታ ላይ ነው።

ሕጉ ይህን ያህል ካለ፣ በሕጉ የማይዳኘው የካርድ ገበያ በምን ይመራ? በዚህ ገበያ ከሚሳተፉት ብዙዎቹ ዕድሜያቸው 18 ዓመት ያልሞላ ልጆች ስለሆኑ፣ የሚገቡት ውል እንደ ዐዋቂ ሰው ውል በሙሉ ኃይሉ አይጸናም። ለአንድ ካርድ ብሎ ፍርድ ቤት የሚሄድም የለም። ስለዚህ በዚህ ገበያ ሕጉም ዳኛውም የተጋቢዎቹ ልማድ ነው፤ ልማዱም ሁለቱንም ወገን በእኩል ዓይን የሚያይ መሆን ይገባዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ዋጋ ሲነገር ቀኑም አብሮ መነገር አለበት። «በ3,000 እሰጥሃለሁ» ማለት ግማሽ ቃል ነው፤ «እስከ ዓርብ ማታ በ3,000 እሰጥሃለሁ» ሲባል ግን ቃሉ ይሞላል። ቀን ከተነገረ በኋላ ሻጩ ቀኑ እስኪያልፍ ድረስ በዋጋው መጽናት አለበት፤ አምስት ሺህም ይምጣ አሥር ሺህ። ይህን የሚያስገድደው ፍርድ ቤት ባይኖርም እንኳ ቀኑን የመረጠው ሻጩ ራሱ ነው። ሁለት ቀን ይከብደው ከነበረ «ነገ ድረስ ብቻ» ማለት ይችል ነበር፤ ወይም «ገንዘብ ይዘህ ስትመጣ ያለውን ዋጋ እነግርሃለሁ» ብሎ ከመጀመሪያው ራሱን ነጻ ማድረግ ይችል ነበር። እነዚህ ሁሉ በሮች ክፍት ሳሉ «ያንተ ነው» ብሎ ከቃል ከገባ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የገዥውን ተስፋ በትርፍ መለወጥ ይሆናል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን ዕቃው ነጻ ነው፤ ገዥው ቅዳሜ መጥቶ ቢቆጣ ጥፋቱ የራሱ ነው።

ቀን ሳይነገር የቀረ እንደሆነ «ተገቢ ጊዜ» የሚባለው ምን ያህል ነው? ይህን በአንድ ቁጥር መወሰን አይቻልም፤ ነገር ግን ሁለት መለኪያዎች አሉት። አንደኛው የገበያው ፍጥነት ነው። ዋጋው በየሳምንቱ ለሚለዋወጥ ካርድ አንድ ወር እጅግ ረዥም ነው፤ ለቤት ሽያጭ ግን አንድ ወር አጭር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሻጩ ስለ ገዥው የሚያውቀው ነገር ነው። ገዥው ደመወዝተኛ መሆኑን፣ የሚከፈለውም በወሩ መጨረሻ መሆኑን እያወቀ «እሺ» ያለ ሻጭ፣ ደመወዙ እስኪወጣ ለመጠበቅ ተስማምቷል ቢባል ፍርድ አይጎድልም። ስለ ገዥው ምንም ለማያውቅ ሻጭ ግን፣ ለትንሽ ዕቃ ሁለት ወይም ሦስት ቀን መጠበቅ በቂ ይመስላል።

ከዚህ ለሚረዝም ጊዜ ቀብድ መስጠት ተገቢ ነው። ቀብድ የገዥውን ልብ በገንዘብ ያሳያል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውሉ መደረጉን የሚያስረዳ ማረጋገጫ ነው ይላል። በቁጥር 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ወገን ቢተው ግን የተቀበለውን ዕጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ይደነግጋል። የዚህ ድንጋጌ ማማሩ ሸክሙን በሁለቱም ትከሻ ላይ እኩል መጫኑ ነው። ገዥው ያለ ኪሣራ አይሸሽም፤ ሻጩም ያለ ኪሣራ አይክድም። ቀድሞ ቀብድ ለመስጠት በአካል መገናኘት ግድ ነበር። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2007 ኤምፔሳን በኬንያ ከጀመረ ወዲህ ግን በኢምባካሲ የሚኖር ሰው ባለበት ቆሞ 300 ሽልንግ በስልኩ ሊልክ ይችላል፤ በኢትዮጵያም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። የተላከበት ሰዓትና መጠኑ በሁለቱም ስልክ ላይ ስለሚቀር ለምስክርነትም ይበቃል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንደሚባለው፣ ዛሬ ወረቀቱን የተካው የስልኩ መልእክት ነው። በመሆኑም ለሳምንት ይቆይልኝ እያለ ከዋጋው ዐሥረኛውን እጅ እንኳ ለማስያዝ የማይፈቅድ ገዥ፣ አቅም ካላጣ በስተቀር፣ የመግዛት ሐሳቡ የጸና አይደለም ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

ሌላው ቁም ነገር ሻጩ ዕቃውን ለሌላ ከመስጠቱ በፊት ለመጀመሪያው ገዥ ማሳወቁ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ሕጎቹም ይቀራረባሉ። ከእንግሊዝ በተወረሰው የሽያጭ ሕግ ገንዘቡ ያልተከፈለው ሻጭ ዕቃውን ለሌላ ሊሸጥ መሆኑን ለገዥው አስታውቆ፣ ገዥው በተገቢው ጊዜ ውስጥ ሳይከፍል ከቀረ ለሌላ መሸጥ ይችላል። በኢትዮጵያም ሕግ፣ በቁጥር 1772 እንደተመለከተው፣ አንድ ወገን ሌላውን «አልፈጸምክም» ብሎ ከመክሰሱ በፊት እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል። ይህን በካርድ ገበያ ቋንቋ ሲገልጹት «ሌላ ፈላጊ መጥቷል፤ እስከ ነገ ማታ ካልመጣህ እሸጠዋለሁ» የሚል አንድ አጭር መልእክት ማለት ነው። መልእክቱን ለመላክ የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ የሚያድነው ጠብ ግን ዓመታት የሚዘልቅ ሊሆን ይችላል። ይህ ማስጠንቀቂያ የሚሠራው ግን ቀን ያልተነገረ ወይም ቀኑ ያለፈ እንደሆነ ነው እንጂ፣ «እስከ ዓርብ» ያለ ሻጭ ሐሙስ ዕለት በማስጠንቀቂያ ዓርብን ሊያሳጥረው አይችልም።

ከዚህ በላይ የተባለውን የሚቃወም አንድ ጠንካራ ክርክር አለ፤ ይኸውም «ዋጋው ከተለወጠ ነገሩ ሁሉ ተለውጧል» የሚለው ነው። ይህን ክርክር ለመመዘን ከካርድ ከፍ ወዳለው ገበያ መመልከት ይጠቅማል። በኢትዮጵያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ ከለውጡ በፊት በተስማሙበት ዋጋ ዕቃ ለማስረከብ የሚገደድ ነጋዴ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ሕጉ ግን በቁጥር 1764 አንድ ውል የአፈጻጸሙ ሁኔታ ተለውጦ ግዴታው ከታሰበው በላይ ከባድ ቢሆንም እንኳ ጸንቶ ይኖራል ይላል። ይህ ጨካኝ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ ሰው ዋጋ የሚዋዋለው ነገ ምን እንደሚሆን ስለማያውቅ ነው። ነገ የታወቀ ቢሆን ኖሮ ውል ባላስፈለገም ነበር።

ክርክሩ ሚዛን የጎደለው መሆኑ በይበልጥ የሚታየው ዋጋ ሲወርድ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1 ቀን 2024 በኋላ ባሉት ሳምንታት በኬንያ አንድ ዶላር ከ160 ሽልንግ በላይ ደርሶ ነበር፤ በሚያዝያ ወር ግን ወደ 130 ሽልንግ ገደማ ወረደ። በውድ ምንዛሪ ጊዜ በውድ ዋጋ የተስማማ ገዥ፣ ሽልንጉ ሲጠነክር «ዋጋው ስለተለወጠ ቀንስልኝ» ቢል፣ ሻጩ «ቃል ቃል ነው» ብሎ እንደሚመልስለት አያጠራጥርም። በካርዱም ገበያ እንዲሁ ነው። ረቡዕ በ3,000 የተስማሙበት ተጫዋች ሐሙስ ማታ ተጎድቶ የካርዱ ዋጋ 1,500 ቢሆን፣ ሻጩ ገዥውን ዓርብ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ዋጋ ሲወርድ ገዥው የሚታሰርበት ቃል፣ ዋጋ ሲጨምር ሻጩን ሊለቀው አይገባም። ለአንዱ ብቻ የሚያስር ገመድ ወጥመድ ይባላል እንጂ ውል አይባልም።

የገዥውም ግዴታ ከሻጩ ያነሰ አይደለም። ሳይቆርጥ «እወስዳለሁ» ማለት የለበትም። ለአንድ ዕቃ ከአንድ ሻጭ በላይ ማሰር የለበትም። ሐሳቡን ከለወጠ ቀኑ እስኪያልፍ ድምፁን አጥፍቶ መቆየት ሳይሆን፣ ሻጩ ሌላ ገዥ ለመፈለግ ጊዜ እንዲያገኝ ወዲያውኑ ሊያሳውቀው ይገባል። የሻጩን መጠበቅ የሚያስከብረው የገዥው መምጣት ነው። በቀጠሮ የማይመጡ ገዥዎች በበዙበት ገበያ ሻጮች መጠበቅን ይተዋሉ፤ የዚህም ጉዳት የሚወድቀው ቀጠሮውን ባፈረሰው ሰው ላይ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ በሚመጣው ሐቀኛ ሰው ላይ ነው።

የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። የተነገረ ዋጋ በማይከበርበት ገበያ የሚገዛው ገንዘቡን በእጁ ይዞ የሚዞረው ብቻ ይሆናል። ባለጸጋ የማንንም ቃል አይፈልግም፤ ያየውን ከፍሎ ይሄዳል። የሻጭ ቃል የሚያስፈልገው ደመወዙን ለሚጠብቅ፣ ከምግቡ ቀንሶ ለሚያጠራቅም፣ ዛሬ መቶ ነገ ሁለት መቶ እያለ ለሚሞላ ሰው ነው። በኢምባካሲ ጭነት የሚያወርደው ወጣት ሐሙስ ዕለት የተሸነፈው ለካርዱ ያለው ፍቅር አንሶ ወይም አቅሙ ከ3,000 ሽልንግ ጎድሎ አይደለም፤ ገንዘቡ በአንድ ቀን ስለዘገየ ነው። ሻጩ እስከ ዓርብ ቢጸናለት ድሃው ከባለጸጋው እኩል የሚገበያይበት አንድ ቀን ይገኛል፤ ቃሉን ቢያጥፍ ግን ያ ቀን ይዘጋል።

ደግሞም በካርድ የተለመደ ነገር በካርድ ብቻ አይቀርም። ዛሬ ለ2,000 ሽልንግ ብሎ ቃሉን የሚያጥፍ ልጅ፣ ነገ እህል ሲሸጥ፣ ከነገ ወዲያ ቤት ሲያከራይ፣ ያንኑ ልማዱን ይዞ ይሄዳል። እንዲሁም በትንሽ ዕቃ ላይ «ቀኑ አላለፈም፤ የሰውየው ነው» ብሎ አምስቱን ሺህ የመለሰ ወጣት፣ ሲያድግ ሰዎች ያለ ዋስና ያለ ምስክር የሚገበያዩት ሰው ይሆናል። ያጣው ሁለት ሺህ በዚያ ዕለት ትልቅ ቢመስልም፣ በሚቀጥሉት ዓመታት ሰዎች ሌላውን አልፈው ወደ እርሱ ሲመጡ ተመልሶ ይከፈለዋል።

በስዋሂሊ ቋንቋ «አሃዲ ኒ ዴኒ» የሚል ተረት አለ፤ «የተሰጠ ተስፋ ዕዳ ነው» ማለት ነው። ዕዳ ደግሞ መጠንና የመክፈያ ቀን አለው። የተነገረ ዋጋም እንዲሁ ሊታይ ይገባል። መጠኑ ሲነገር ቀኑም ይነገር፤ ቀኑ እስኪደርስ ሻጩ ይጽና፤ ቀኑ ሲደርስ ገዥው ይምጣ፤ ሊመጣ ካልቻለም አስቀድሞ ያሳውቅ። ይህ ልማድ በኢምባካሲም ሆነ በአዲስ አበባ መርካቶ ቢጸና፣ ሁለት ሰዎች ረቡዕ ተስማምተው ዓርብ ያለ ጠብ ሊገናኙ ይችላሉ።